ክር፦ የተማሪዎች የአካባቢ ጋዜጠኝነት ውድድር በጅማ፤ ደንቡን እዩልን

መምህር_ሚኒሚዲያ

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ሚኒ ሚዲያውን የምይዘው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ጋር ሆነን የጋዜጠኝነት ውድድር ልናዘጋጅ ነው። ችግኝ ተከላ በየዓመቱ አለ። ግጥምም በየሰልፉ ይነበባል። ልጆቹ ራሳቸው ወጥተው፣ ጠይቀው፣ አጣርተው የሠሩት ዘገባ ግን የለንም።

መነሻ ያደረግነው «ወጣት የአካባቢ ዘጋቢዎች» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው። የሚመራው ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ያለ የአካባቢ ትምህርት ፋውንዴሽን ነው፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከ11 እስከ 25 ዓመት ያሉ ልጆች በጽሑፍ፣ በፎቶና በቪዲዮ ይወዳደሩበታል። ዕድሜው በሦስት ይከፈላል፤ 11–14፣ 15–18 እና 19–25። ጽሑፉ ከ1000 ቃል አይበልጥም፤ ቪዲዮው ከ3 ደቂቃ አያልፍም። ሥራው አራት ደረጃ አለው፦ መመርመር፣ መፍትሔ መፈለግ፣ መዘገብ፣ ማሰራጨት።

እኛ ትንሽ ቀነስ አድርገነዋል። ጽሑፍ እስከ 800 ቃል፣ አንድ ፎቶ ከመግለጫው ጋር፣ ቪዲዮ እስከ 3 ደቂቃ። ርዕሱ «ውሃችን» ነው፤ አዌቱ ወንዝ፣ ቦዬ ረግረግ፣ ቡና ማጠቢያ፣ ቱቦ፣ ጉድጓድ፣ ልጆቹ የመረጡት ሁሉ ይገባል። ግንቦት 28 ለዓለም የአካባቢ ቀን እናሳያቸዋለን። ደንቡ ላይ ምን ጎደለ? ጨክናችሁ ንገሩኝ።

የሄርማታ_ልጅ

ቲቸር፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው። ግን ውጤቱን ካሁኑ ልንገርዎት። ፎቶ ይጎርፋል። ሁሉም አንድ ነው፦ ድልድይ ሥር የተጠራቀመ ሃይላንድና ፌስታል። መግለጫው «አካባቢያችንን እንጠብቅ»። ቪዲዮው ደግሞ የሚያሳዝን ክላሲካል ከጀርባ፣ ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ካሜራው እያየ «ነገ የኛ ነው» ይላል። አለቀ።

ቆሻሻው እንዳለ እኮ ሁላችንም እናውቃለን። በየቀኑ እናልፍበታለን። ማን ጣለው፣ ለምን እዚያ ጣለው፣ ገንዳው የት ነው፣ ገንዳውን የሚያነሳው መኪና መቼ ይመጣል፣ ይሄን የሚነግረኝ ካለ ግን ቁጭ ብዬ አነባለሁ።

ፎቶ_ቤት

በግማሹ እስማማለሁ። የቆሻሻ ፎቶ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ የፎቶው ሰነፍነት ነው ችግሩ። ልጁ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያነሳና ይሄዳል። ሰው የለበትም፣ ቦታው አይታወቅም፣ ጅማ ይሁን ሞጆ አይለይም።

ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ካለ ምክሬ ይሄ ነው። አንድ ቦታ ምረጥ። ጠዋት ሂድ፣ ማታ ሂድ፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሂድ። ስልኩን ዝቅ አድርግ፤ ውሃው አጠገብ ከሚኖረው ሰው ዓይን ቁመት ላይ ሆነህ እይ። ሰፋ አድርገህ አንድ፣ ቀረብ ብለህ አንድ። ዙም አታድርግ፤ በእግርህ ቅረብ።

ለመምህር ደግሞ፦ ከመግለጫው ላይ ነጥብ ስጡ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እየሆነ ነው፣ ከፍሬሙ ውጭ ምን አለ። ኤዲቲንግ ላይም ብርሃን ማስተካከልና መቁረጥ ይፈቀድ። መጨመርና ማጥፋት አይፈቀድ። ዋናውን ያልተነካ ፋይል አብረው ያስረክቡ። አሁን በኤአይ የተሠራ ወንዝ ከእውነተኛው አዌቱ ይልቅ ያምራል።

አካባቢ_ጤና_4ኛ_ዓመት

«ውሃችን» ጥሩ ርዕስ ነው፤ ግን ልጆቹ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቁ ሁሉም ድልድዩ ሥር ይቀራሉ። መንገዱን ላስቀምጥላቸው።

አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ይወርዳል። የቦዬ ውሃ ወደ ግልገል ጊቤ ይገባል። ግልገል ጊቤ ላይ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ አለ። ያው ውሃ ደግሞ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ አልፎ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ኦሞ። ከኦሞ ቱርካና ሐይቅ። ስለዚህ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጀርባ ቱቦ ውስጥ የገባ ነገር «የሰፈር ጉዳይ» አይደለም። አንድ ጎበዝ ተማሪ ይሄን መንገድ ብቻ ይዞ 800 ቃል ይሞላል።

ሁለተኛው ቦዬ ነው። ብዙ ሰው ቦዬን ጉማሬ የሚታይበት ኩሬ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ጨፌው ግን ከከተማ የሚመጣውን ውሃ ያዘገየዋል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ደንገሉና ሣሩ ከውሃው ውስጥ ንጥረ ነገር ይስባሉ። ጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች በሦስት ነገር ነው የሚጎዱት፦ ለእርሻ ማንጣፈፍ፣ ባሕር ዛፍ መትከል፣ ለጡብ ጭቃ መቆፈር። ሦስቱም ከጀርባቸው እንጀራ የሚበላ ሰው አላቸው። ጡብ ሠሪውን ሳያናግር «ረግረጉን አጠፉት» ብሎ የሚጽፍ ልጅ እኔ ዳኛ ብሆን ይወድቃል።

የሄርማታ_ልጅ

አሁን ገና ወሬ መጣ። አዌቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። መሀል ከተማ ያለው የወንዝ ዳር በኮሪደር ልማቱ ተሠርቶ ሰው ፎቶ የሚነሳበት ሆኗል፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ልጆቹ ግን ሁለቱንም ይዩ። ከተሠራው ቦታ ወደ ላይ ይውጡ፣ ወደ ታችም ይውረዱ። የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም ይጻፉ። ሁለቱን ያልያዘ ዘገባ ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ ስድብ።

እሸት_ቡና

እኔ ጅማ ዞን ውስጥ ቡና ማጠቢያ ላይ ብዙ ወቅት ሠርቻለሁ። መምህር፣ ርዕሱ ውስጥ «ቡና ማጠቢያ» የሚለውን ሳይ ትንሽ ደነገጥኩ። ልጆቹ ይምጡ፤ ግን አውቀው ይምጡ።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣ። ሰላም አላለም። ጉድጓዱን አነሳ፣ ሄደ። ማታ ፌስቡክ ላይ «መርዝ» ተብሎ ወጣ። ጉድጓዱ የተቆፈረው ፍሳሹ ወንዝ እንዳይገባ ነበር! ፎቶው ውሸት የለበትም፤ ጉድጓድም አለ፣ ጥቁር ውሃም አለ። ያልጠየቀው ነገር ነው ውሸት ያደረገው።

እንግዲህ ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። የጅማ ቡና አብዛኛው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ እሸቱ ከነገለፈቱ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ጀንፈል ይሆናል፣ ውሃ አይፈልግም። የታጠበ ቡና ደግሞ ሊሙም ጎማም አካባቢ አለ። ቀዩ እሸት ይመጣል፣ ማሽኑ ገለፈቱን ይገፋል፣ ፍሬው ላይ የሚያሟልጭ ጣፋጭ ነገር ይቀራል። ገንዳ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይብላላል፣ ከዚያ ይታጠባል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ባብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ልጆቹ ሥራውን ለግንቦት ካደረሱ፣ ማጠቢያውን ያዩት ተዘግቶ ነው ማለት ነው። ቀኑን ያስቡበት።

አሁን ደግሞ የራሴን ወገን ልንገር። ሁሉም ማጠቢያ ጉድጓድ አይቆፍርም። የሚቆፍረውም ቢሆን ቡናው ባንዴ ሲጎርፍ ጉድጓዱ ይሞላና ይፈሳል። ዝናብ ከጨመረበት አለቀ። ከታች ያለ ገበሬ ከብቱ ውሃውን እንቢ ሲል እኛ ጋ ይመጣል። ሽታውን እኔም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ይጠይቁን፦ ጉድጓዱ ስንት ነው? ሲሞላ ምን ታደርጋላችሁ? ገለፈቱን የት ትጥላላችሁ? ውሃውን መልሳችሁ ትጠቀማላችሁ? ከታች ያለውንም ገበሬ ይጠይቁ። ሁለታችንንም የሰማ ልጅ የጻፈው ቢያወግዘኝ እንኳ አልቀየምም።

አካባቢ_ጤና_4ኛ_ዓመት

ወንድሜ እሸት ቡና፣ ይሄን መልስ አትሜ ክፍል ውስጥ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

ልጆቹ «መርዝ» ከሚሉት ይልቅ የሚሆነውን ቢያውቁት ይሻላል። ያ ጣፋጭ ነገር ስኳር ነው። ወንዝ ሲገባ ደቃቅ ተሕዋስያን ይበሉታል፤ ሲበሉት ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣና ሌሎች ነፍሳት የሚሞቱት ታፍነው ነው። ውሃው ይጠቁራል፣ ይኮመጥጣል። ለዚህ ነው ወንዙ ዳር ያሉ ትንንሽ ነፍሳትን አይቶ የውሃውን ጤና መገመት የሚቻለው። ድንጋይ ገልብጦ ሥሩ ምን እንዳለ ማየት፣ ከማጠቢያው በላይና በታች ማወዳደር። ያ ራሱ ፎቶ ነው፣ ቪዲዮም ነው።

መፍትሔ ለሚለው ክፍል ደግሞ ቬቲቨር ሣርን ይፈልጉ። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ስለሚሄድ አፈር ይይዛል፤ ፍሳሽ ለማጣራትም ይተከላል። ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ በጅማ በመልኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ነው፣ የቡና ማሳ አፈር እንዲጠብቅ ተብሎ። ደጃችን ላይ ያለ ታሪክ ነው፤ ልጆቹ ግን ስለ አማዞን ይጽፋሉ።

የሁለት_ተማሪዎች_እናት

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ለልጆቻችን ስላሰቡ። ግን እኔ ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ልጄ ቦዬ ሄዳ ጉማሬ ልታነሳ ነው? ጉማሬ ቀልድ አያውቅም። በክረምት ወንዝ ዳር መቆምም ራሱ አደጋ ነው። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ደንቡ ውስጥ ይግባ፤ ሁለት ሆነው፣ ለወላጅ ነግረው፣ ከጨለመ በኋላ በጭራሽ።

ሌላው፣ የሰውን ልጅ ፎቶ ያለ ፈቃድ አያንሱ። ወንዝ ውስጥ የሚታጠብ ሕፃን፣ ቆሻሻ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅም ልጅ፣ እነሱም እናት አላቸው። ነገ ፎቶው በትልቁ ታትሞ አዳራሽ ሲሰቀል ልጁን ጓደኞቹ ያዩታል።

ፎቶ_ቤት

እትዬ፣ ልክ ነዎት። ሕፃን ከሆነ ፈቃድ የሚጠየቀው ወላጁ ነው። አዋቂም ቢሆን «ለምን እንደማነሳ፣ የት እንደሚታይ» ተነግሮት እሺ ሲል። እምቢ ካለ እጁን፣ ጆንያውን፣ ጥላውን ማንሳት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ከፊቱ የተሻለ ፎቶ ይወጣዋል።

የሬዲዮ_ሰው

የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ። የተማሪ ዘገባ የሚሞተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቢሮ በር ላይ። ልጁ ይሄዳል፣ ጥበቃው «ማን ላከህ?» ይለዋል፣ ይመለሳል። ከዚያ «ለማናገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» ብሎ ይጽፋል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይስጣቸው፤ ማኅተም ያለው። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያስገቡ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለመልስ የተቀመጠውም ጊዜ 30 ቀን ነው። ተማሪ መሆኑ አይቀንሰውም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት ነው ይላል። አንድ ልጅ ይሄን ጠቅሶ በትሕትና ደብዳቤ ሲጽፍ ሠራተኛው ቀና ብሎ ያየዋል።

ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሦስት ሰው ይናገር፦ ጉዳቱ የደረሰበት፣ ኃላፊነቱ ያለበት፣ ነገሩን በሙያ የሚያውቅ። የተወቀሰ ሰው ከመታተሙ በፊት ይጠየቅ። ማስታወሻ ደብተራቸውን አብረው ያስረክቡ፤ ዳኛው ይየው። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ሥራው ከኢንተርኔት የተቀዳ ነው።

11ኛ_ክፍል_ቢ

ቲቸር እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ነኝ ግን ስሜን አልናገርም 😀 ሦስት ጥያቄ አለኝ።

ቋንቋው ምንድን ነው? እናቴን ብጠይቃት በአፋን ኦሮሞ ነው የምትመልሰው፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ክበቡ ደግሞ እንግሊዝኛ ይወዳል። በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ስልኬ ሜሞሪው ሞልቷል፣ ካሜራውም ደካማ ነው። ጥሩ ስልክ ያለው ልጅ አይቀድመኝም?

የኔ ሐሳብ ስለ ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። እኔ መርካቶ ሄጄ ነጋዴዎቹን ልጠይቅ ነው፣ ያውቁታል ወይ፣ በምን ሊተኩት ነው። ይሄ «ውሃችን» ውስጥ ይገባል?

የሬዲዮ_ሰው

ይገባል እንጂ! ቱቦ የሚደፍነው ምን ሆነና። አንድ ነገር ጨምርበት፤ ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ 513/1999ም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታልን ይመለከት ነበር። ነጋዴውን «የድሮውንስ ሰምተው ነበር?» በለው። ከዚያ ዝም ብለህ አድምጥ። ቅርጫትና ዘንቢል የሚሸጡትንም እናቶች አትርሳ፤ ገበያቸው ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም?

ቋንቋ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሰው በሚያስብበት ቋንቋ ይዘግብ። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሦስቱም ይፈቀድ፤ ዳኞቹ ሦስቱንም የሚያውቁ ይሁኑ። ከሊሙ የመጣች አሮጊት የተናገረችውን ልጁ በእንግሊዝኛ ሲያስውበው ጨዋታዋ ይጠፋል።

ቪዲዮ_ኤዲተር

ስለ ስልክ፦ የደካማ ካሜራ ቪዲዮ ይታያል፤ ድምፁ የማይሰማ ቪዲዮ ግን አይታይም። ሰው ስታናግሩ ቅረቡ፤ አንድ ክንድ ያህል። ባጃጅ ከሚያልፍበት መንገድ ራቁ። ሁለተኛ ስልክ ካለ ድምፅ መቅጃ አድርጋችሁ ተናጋሪው ኪስ ውስጥ ክተቱት። ስልኩን አግድሙ። እያንዳንዱን ነገር ሳትንቀሳቀሱ አሥር ሰከንድ ያዙት፤ ሳትጨርሱ አታዙሩት። 3 ደቂቃ ማለት የተናገረ ሰው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ነው። የርዕሰ መምህሩ የመክፈቻ ንግግር አይገባም 😅

ሙዚቃውን ተዉት። የአዌቱ ድምፅ ራሱ ይበቃል፤ በተለይ ክረምት ላይ።

የሄርማታ_ልጅ

አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። ዳኛው ማነው? ሽልማቱን ማን ይሰጣል? በዓሉ ላይ የሚቀመጠው የተጋበዘ እንግዳ ቆሻሻውን በማንሳት የሚጠየቀው ራሱ ከሆነ፣ ልጆቹ ከወዲሁ ይለሰልሳሉ። የሚያሸንፈው የችግኝ ቪዲዮ ይሆናል። አይቻለሁ፤ ሌላ ከተማ ላይ። አንደኛ የወጣው ሥራ የሸላሚውን መሥሪያ ቤት የሚያመሰግን ነበር። ሁለተኛው ፍሳሹን የተከተለው ልጅ ነበር። እኔ ብሆን እገለብጠው ነበር።

የሬዲዮ_ሰው

ይሄ ላይ አልከራከርም፣ ግን ጠርዝ አታስይዘው። ባለሥልጣኑ ካልተጋበዘ ማን ይስማቸው? አራተኛው ደረጃ «ማሰራጨት» ነው የተባለው። ዘገባው የሚመለከተው ሰው ፊት ካልቀረበ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይጋበዝ፤ ግን አይዳኝ።

የሄርማታ_ልጅ

ይጋበዝ ካላችሁ ሲመጣ የልጆቹን ጥያቄ ይመልስ። ቁጭ ብሎ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። ካልሆነ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም።

መምህር_ሚኒሚዲያ

አመሰግናለሁ፣ በእውነት። ዛሬ ክበቡን ሰብስቤ ያላችሁትን አነበብኩላቸው። ደንቡ እንዲህ ተቀይሯል።

ከመቶ 40ው ለምርመራው ነው፤ የማስታወሻ ደብተሩና የሦስቱ ሰዎች ቃል እዚህ ይታያል። 25ቱ ለመፍትሔው ነው፤ እሱም «እንዲህ ቢሆን» የሚባል ሳይሆን የሆነ ሰው የሆነ ቦታ እየሠራው ያለ፣ የሚሳካውም የማይሳካውም ተጠይቆ። 25ቱ ለአቀራረቡ፤ የካሜራ ጥራት ነጥብ የለውም። 10ሩ ላሰራጩበት መንገድ፤ ሚኒ ሚዲያ፣ ሬዲዮ፣ ሰፈር ስብሰባ፣ ያሰኛቸው። ቋንቋው ሦስቱም። ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ወላጅ ይፈርማል፤ ቦዬ የሚሄዱት ከመምህር ጋር ብቻ ነው። የትብብር ደብዳቤውን ትምህርት ቤቱ እሺ ብሏል።

ጊዜውንም አዘዋውረነዋል። ምርመራው በጥቅምት ይጀመራል፣ ቡናው ሲገባ። ማሳያው ግንቦት 28 እንዳለ ይቆያል። በመሀል ለደብዳቤ መልስ የሚጠብቁበት ጊዜም ይተርፋቸዋል።

ዳኞቹ አልተወሰኑም። እንግዳው መልስ ይስጥ የሚለውን ለአስተዳደሩ አቅርቤዋለሁ፤ ፊታቸው አልበራም። እሸት ቡና፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ልጆቹን ማጠቢያ ከመሄዳቸው በፊት እንዲያስረዱልን እንፈልጋለን።

እሸት_ቡና

እመጣለሁ። በጥቅምት እሑድ ካልሆነ ግን አይመቸኝም፤ ሌላው ቀን ቡና ይገባል።

ባጃጅ_ነጂ_20

መምህር፣ እኔ ትምህርት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ 20 ዓመቴ ነው፣ ባጃጅ ነው የምነዳው። ከአጂፕ እስከ ቆጪ የትኛው ቱቦ ስንት ሰዓት እንደሚገነፍል አውቃለሁ፤ ብዙ ቪዲዮ አለኝ። እኔ መወዳደር እችላለሁ ወይስ ለተማሪ ብቻ ነው?

መምህር_ሚኒሚዲያ

ዓለም አቀፉ እስከ 25 ነው፤ እኛ ለምን 18 ላይ እንደምናቆመው እኔም አልገባኝም። ለክበቡ ነግሬ 19–25 የሚል ምድብ እናስገባለን። ያሉህን ቪዲዮዎች አታጥፋቸው፤ ቀንና ቦታቸውን ጻፍባቸው። ከዚያ ቱቦውን የሠራውን ክፍል ሄደህ ጠይቅ፤ ደብዳቤውን ለአንተም አጽፍልሃለሁ።

11ኛ_ክፍል_ቢ

ቲቸር እሱ ከገባ እኔ ምድቤን ልቀይር እችላለሁ? ወይም ባጃጁን እሱ ይንዳ፣ እኔ ልቅረጽ።